ሐዋሳ ላይ እህቴን ይዤ ስለተመላለስኩበት የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት

ስለ ምግብ ቤት ቢሆን ቶሎ ጽፌ እጨርስ ነበር። አሳው ትኩስ ነው፣ አስተናጋጆቹ ይዘገያሉ፣ ዋጋው ይሄን ያህል ነው፣ በቃ። የዛሬው ግን ከበድ ይላል። ታናሽ እህቴ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር የሚባል የአእምሮ ሕመም አለባት። ከጥቅምት ጀምሮ እዚሁ ሐዋሳ የሥነ ልቦና ምክር በሚሰጥ አንድ ቢሮ እየተከታተለች ነው፤ አሁን ሰኔ ነው፣ ስምንት ወር ሊሞላን ነው። የምጽፈው ስለዚያ ቢሮ ነው። ምን ጥሩ አለው፣ ምን ይጎድለዋል፣ ለሚከፈለው ገንዘብ ይገባዋል ወይ።

ስሙን አልጠራም። ሐዋሳ ሰፋ ብላለች ቢባልም ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ቢሮውን ከጠራሁት እህቴ ማን እንደሆነች ለማወቅ የአንድ ባጃጅ ሹፌር ወሬ ይበቃል። ይሄን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። ሁለት አንቀጽ አስወጥታኛለች፣ የቀረው ይሁን ብላለች። ስሙ ባይኖርም ይጠቅማችኋል ብዬ የማስበው፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ስለሚያሳያችሁ ነው። እኛ የሚነግረን ሰው አጥተን ስድስት ዓመት ባክኗል።

እህቴ 24 ዓመቷ ነው። ነገሩ የጀመረው አሥረኛ ክፍል አካባቢ ነው። ጠዋት "ካንቺ በላይ ማንም የለኝም" ብላ አቅፋኝ የወጣች ልጅ ማታ ስልኬን ብሎክ አድርጋ ታድራለች። ለምን? ምሳ ሰዓት ስትደውል አላነሳሁም። ጓደኛ ስትይዝ ልቧን ሙሉ በሙሉ ነው የምትሰጠው፣ ያ ጓደኛ አንድ ቀን ፊቱን ቢያዞር ግን ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ እንደሱ ክፉ ሰው የለም። በአንድ ዓመት ሦስት ሥራ ቀይራለች። ፀጉሯን፣ አለባበሷን፣ ልትማር የምትፈልገውን ነገር፣ ሁሉንም ትቀያይራለች፣ "እኔ ማን እንደሆንኩ አላውቅም" ትላለች፣ ስትለው ደግሞ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ቀልድ አይደለም። ደረቷን በእጇ መታ እያደረገች "እዚህ ጋ ባዶ ነው" የምትልበት ጊዜ ነበር። ራሷን የጎዳችበት ጊዜም ነበር። እሱን አልዘረዝርም።

እናታችን ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል አስጠመቀቻት። እህቴ ጸበሉን እስካሁን ትወደዋለች፣ ሰላም ይሰጠኛል ትላለች፣ አማካሪዋም ተዪው ብላት አታውቅም። ጎረቤት ቅብጠት ነው አለ። አጎታችን ጥጋብ ነው አለ። አንድ የሕክምና ቦታ ወሰድናት፣ አሥር ደቂቃ የማትሞላ ጥያቄ ጠይቀው ባይፖላር (ስሜት ለቀናትና ለሳምንታት በጣም ከፍ ወይም በጣም ዝቅ የሚልበት ሕመም) ነው አሉና መድኃኒት ጻፉላት፤ ስትወስደው ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ስትነቃ ያው ናት። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ባለሙያ፣ እሷ ፊት ተቀምጣ፣ "ይሄ በሽታ አይደለም አመል ነው፣ ትዳር ስትይዝ ይተዋታል" አለን። ከዚያ ወጥተን እስከ ቤት ድረስ በእግራችን ሄድን። አንድ ቃል አልተናገረችም። ያንን ቀን አልረሳውም።

እንግዲህ ወደ ቢሮው።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። አማካሪዋ ሴት ናት፣ ሳይኮሎጂስት። መጀመሪያ እህቴን ብቻዋን፣ ቀጥሎ በእህቴ ፈቃድ እኔን፣ በሌላ ቀን ደግሞ እናታችንን አነጋገረች። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ሥራዋ፣ ራሷን ስለጎዳችባቸው ቀናት እና ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት ምን እንደተፈጠረ ጠየቀቻት። የሕመሙን ስም ያን ቀን አልነገረችንም። ወደምታውቀው ሳይካትሪስት፣ ማለትም መድኃኒት የሚያዝ የአእምሮ ሐኪም፣ ላከችንና እሱም ካያት በኋላ፣ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ለእኔ የቢሮው የመጀመሪያ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በአሥር ደቂቃ ስም የሚለጥፍ ቦታ ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ያስረዳችንን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ሐኪሞች የሚያዩዋቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ እንዳልተው የሚል ኃይለኛ ፍርሃት፣ አንዴ ሰማይ አንዴ መሬት የሚል ግንኙነት፣ ማንነቴ ጠፋብኝ የሚል ስሜት፣ ሳያስቡ የሚጎዳ ነገር ውስጥ መግባት፣ ራስን መጉዳት ወይም ስለ መሞት ማውራት፣ በሰዓታት የሚገለባበጥ ስሜት፣ ባዶነት፣ የማይመጣጠን ንዴት፣ ሲጨነቁ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ወይም ከራስ ተለይቶ እንደ መንሳፈፍ ማለት። አምስቱ ከተገኙና ለረጅም ጊዜ፣ በሁሉም የኑሮ አቅጣጫ የሚታዩ ከሆነ ነው ስሙ የሚሰጠው። ስለዚህ ሁለት ቦርደርላይን ያለባቸው ሰዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ደግሞ የሴት ሕመም ብቻ አይደለም፣ እህቴ ካለችበት የቡድን ትምህርት ውስጥ ወንድም አለ።

ከባይፖላር ጋር ለምን እንደሚምታታም ነገረችን። በባይፖላር ከፍ ያለው ስሜት ለተከታታይ ቀናት፣ ብዙ ጊዜም ሳምንት እና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ድብርቱ ደግሞ ሁለት ሳምንት እና ከዚያ በላይ። እህቴ ግን በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሦስቴ ትቀያየራለች፣ ሁልጊዜም የሆነ ነገር ነው የሚቀሰቅሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይሄን አላስተዋልኩም ነበር። ሲነገረኝ ግን እነዚያ ቀናት ሁሉ በዓይኔ መጡ።

ስሙ ራሱ ትንሽ ያደናግራል። ቦርደርላይን ማለት ድንበር ላይ ያለ ማለት ነው። እህቴ "ከጤነኛና ከእብድ መሃል ነኝ ማለት ነው?" ብላ አለቀሰች። አማካሪዋ ቃሉ ከየት እንደመጣ ነገረቻት። በ1938 እ.ኤ.አ. አዶልፍ ስተርን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በዘመኑ በነበሩት ሁለት ትላልቅ የሕመም ምድቦች መካከል የሚወድቁትን ታካሚዎች እንዲህ ብሎ ጠራቸው፣ በ1980 ደግሞ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ ውስጥ ገባ፣ ምድቦቹ ተለውጠው ስሙ ብቻ ቀረ። የድሮ ስም ነው፣ አንቺን አይገልጽሽም አለቻት። እህቴ ዓይኗን ጠርጋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች።

ከሁሉም በላይ የገባን ግን የምጣዱ ነገር ነው። እናቴ "እኛም ተናደን እናውቃለን፣ እኛም ተከፍተን እናውቃለን፣ የሷ በምን ተለየ?" አለቻት። አማካሪዋ "እናቴ ይስሙኝ" አለች፣ "ምጣድ ያቃጠለው እጅ ላይ ለብ ያለ ውሃ ቢያፈሱበት ምን ይሆናል?" እናቴ "ያንገበግባል" አለች። "ውሃው ግን ለብ ያለ ነው።" "ነው።" "ታዲያ ልጅቷ ዋሽታ ነው የጮኸችው?" እናቴ ዝም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች ሴት ናት፣ የተቃጠለ እጅ ታውቃለች።

እንዲህ ያለ ስሜተ ስስ ሆኖ መወለድ አለ፣ በዘር የሚመጣ ክፍል አለው። ከዚያ ላይ ደግሞ ስሜትህ ልክ አይደለም የሚል አካባቢ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። አማካሪዋ ቤተሰቡን ለመውቀስ ብላ አልተናገረችውም፣ ይሄን ደጋግማ ነግራናለች፤ እኔ ግን ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ "ምንም አልሆንሽም"፣ "ቻይው"፣ "ሆድ ይፍጀው" እንደተባለ ማሰብ ጀመርኩ። እኛ በዚህ ነው ያደግነው። እኔን አልጎዳኝም ይሆናል። የሷን ሆድ ግን ፈጅቶታል።

ሕክምናው ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ ይባላል፣ ባጭሩ ዲቢቲ። ያወጣችው ማርሻ ሊነሃን የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ናት፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው የሠራችው። የመጀመሪያው ትልቅ ጥናቷ በ1991 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ በ2011፣ ብዙ ዓመት ሰው ካከመች በኋላ፣ በወጣትነቷ እሷ ራሷ አእምሮ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበረና ራሷን ትጎዳ እንደነበር በአደባባይ ተናገረች። አማካሪዋ ይሄን ስትነግረን እህቴ ቀና አለች። "እሷም?" አለች። ታክሲ ውስጥም፣ ቤት ገብተንም፣ ቡና እየተጠጣም "እሷም እኮ" እያለች ነበር። ለእህቴ ከዚያ በፊት ያነበብንላት ምክር ሁሉ ያላደረገላትን ይሄ አንድ ታሪክ አደረገላት።

ሙሉው ዲቢቲ አራት ነገር ያስፈልገዋል፦ በሳምንት አንድ ቀን ከአማካሪ ጋር ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን የቡድን ትምህርት፣ በመሃል በስልክ እርዳታ፣ እና አማካሪዎቹ እርስ በርስ የሚመካከሩበት ስብሰባ። ቢሮው ሙሉውን አይሰጥም። ይሄን አማካሪዋ ራሷ ነግራናለች፣ ሳንጠይቃት፤ "ስልጠናውን ወስጃለሁ፣ ክህሎቶቹን አስተምራለሁ፣ ግን ሙሉ ፕሮግራም አለኝ ብል እዋሻችኋለሁ" አለች። የቡድኑ ትምህርት በየሁለት ሳምንቱ ነው። ለቴክስት መልስ የምትሰጠው እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ግልጽነት ወድጄዋለሁ። እናንተም የትም ስትሄዱ "ዲቢቲ እንሰጣለን" ሲሏችሁ የትኛውን ክፍል ብላችሁ ጠይቁ።

የሚማሩት አራት ዓይነት ክህሎት ነው። አሁን ባሉበት ቅጽበት መገኘት፣ ጭንቅ ሲመጣ ነገሩን ሳያባብሱ ማለፍ፣ ስሜትን ማወቅና መግራት፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ የፈለጉትን መጠየቅና እምቢ ማለት። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። የሚፈተነው ግን ማታ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጭንቁ ሲመጣ ነው።

የሳፋውን ነገር ልንገራችሁ። መኝታ ቤታችን ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ አለ። ጭንቁ ጣሪያ ሲነካ እህቴ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ውሃ እሱ ላይ ትገለብጣለች፣ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ትነክራለች፣ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፣ ትወጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ሲነካ የልብ ምት ዝግ ይላል፣ ጠልቀው የሚዋኙ እንስሳት ያላቸው ነገር ሰው ላይም አለ። ሐሳቧን አይቀይረውም፣ ችግሩንም አይፈታውም፣ ግን ለጥቂት ደቂቃ ሰውነቷን ያበርድላትና ያ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነገር ያድናል። የልብ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አያድርገው፣ አማካሪዋ ከማስተማሯ በፊት መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልቧ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ቆሜ የውሃውን ድምፅ ሳዳምጥ እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ደግሞ ሐዋሳ ነን፣ መብራት ይጠፋል፣ ፍሪጁ ይሞቃል፣ የቧንቧ ውሃም ለብ ያለ ነው። ለዚያ ቀን ሌላ አስተማረቻት፤ ግቢ ውስጥ እስኪያልባት ፈጣን እርምጃ፣ ከዚያ ከማስገቢያው ረዘም ያለ ማስወጫ እያደረጉ መተንፈስ። እንዲህ ለኑሯችን የሚሆነውን ማሰቧ ነው ከሌሎቹ የለያት።

በየቀኑ የምትሞላት ካርድም አለች። የዛሬ ስሜት ከዜሮ እስከ አምስት ስንት ነው፣ ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መጣ ወይ፣ የትኛውን ክህሎት ሞከርኩ። እህቴ ካርዷን የምታስቀምጠው መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው። አይቼ አላውቅም፣ አልጠይቅምም። አንድ ቀን ግን ራሷ አወጣችና የጥቅምትንና የመጋቢትን ጎን ለጎን አልጋው ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ጥቅምት ላይ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። መጋቢት ላይም አምስት አለ። ግን በዙሪያው ሁለትና ሦስት አለ።

አሁን በጣም ወደጠቀመን ክፍል ልምጣ፣ የቤተሰቡ ቀጠሮ። በወር አንድ ጊዜ ነው። ከሁሉም በላይ ለእኔ የሆነልኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። አማካሪዋ ያስተማረችን አንድ ነገር ነው፤ ስሜቱ እውነት ነው፣ ድርጊቱ ላይ ግን መነጋገር ይቻላል። ስሜቷን ማመን ማለት በምታደርገው ሁሉ መስማማት ማለት አይደለም። ይሄ ሁለት ነገር እንደሆነ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር። ወይ እከራከራት ነበር ወይ ደግሞ ደክሞኝ ሁሉንም እሺ እላት ነበር።

የካቲት ላይ ፍቅር ሐይቅ እንገናኝ ተባብለን ከሥራ ዘገየሁ። ስልኬ ባትሪ ዘግቷል። ባጃጅ አጥቼ አርባ ደቂቃ አረፈድኩ። ስደርስ ዳር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፣ ሁለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ዳር ወፎች ከፊቷ ቆመዋል፣ እሷ አታያቸውም። "አውቄዋለሁ" አለች። "እንደምትተዪኝ አውቄዋለሁ፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።" ዱሮ ቢሆን "ሥራ ነበረኝ እኮ! አርባ ደቂቃ ምንድን ነው?" ብዬ እጀምር ነበር፣ እሷ ትጮሃለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሦስት ቀን እንኳረፋለን። ያን ቀን አጠገቧ ቁጭ አልኩና "ስልኬ ተዘግቶ ብቻሽን ስትጠብቂ የቀረሁብሽ መስሎሽ ነው። ያስፈራል" አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ከብዶኝ ነበር፣ ምክንያቴን ልደረድር አፌን እየበላኝ። ትንሽ ቆይታ ማልቀስ ጀመረች፣ ቀጥላ ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ 11 ቴክስት እንደማገኝና እንዳላነባቸው ለመነችኝ። "አላነባቸውም፣ ግን ሁለተኛ እንዲያ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ እኔንም ያመኛል" አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ አሞራ ገደል ሄደን አሳ በላን። አሳ በላን ብዬ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ከጠብ በኋላ በዚያው ቀን አብረን ስንበላ ግን የመጀመሪያችን ነበር።

ስለ መድኃኒት ብዙዎች ስለሚጠይቁኝ፦ ለቦርደርላይን ብቻ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም ብቻ ተብሎ መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ድብርት ወይም ሌላ ሕመም አብሮ ካለ ግን ለዚያ ይሰጣል። ሳይካትሪስቱ የእህቴን የድሮ መድኃኒት ቀስ በቀስ ነው ያስቆማት፣ በቀጠሮ፣ እያየ። እባካችሁ ይሄን አንብባችሁ በራሳችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ።

የሚጎድለውን ደግሞ ልንገራችሁ።

የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ፊቱን ወደ መንገድ ነው። በሩ ክፍት ነው። የሰፈራችን ሰው ባለፈ ቁጥር እህቴ አንገቷን ትደፋለች። አንድ መጋረጃ ስንት ብር ነው? ሁለቴ ነግሬያቸዋለሁ። የክፍሉ ግድግዳም ስስ ነው፣ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ውጭ ይሰማል። ይሄ ለምክር ቢሮ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚሰጡት ወረቀት መጀመሪያ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር። አማካሪዋ ግማሹን በእጇ ጽፋ ወደ አማርኛ መልሳዋለች፣ ግማሹ እስካሁን ቀርቷል። ቡድኑ ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ደግሞ የምታስበው በሲዳምኛ ነው፤ ስሜቷን በአማርኛ ፈልጋ ስታጣ አያታለሁ ትላለች እህቴ። ሐዋሳ ላይ የተከፈተ ቢሮ ይሄን ሊያስብበት ይገባል።

በጣም ያስቀየመን የፋሲካ ነገር ነው። ቢሮው ሁለት ሳምንት ተዘጋ። የነገሩን ሐሙስ ዕለት በአንድ ቴክስት ነው፣ ቀጠሮዋ አርብ ነበር። ለሌላ ሰው በዓል ነው፣ ምን ችግር አለው። "ትተውኝ ይሄዳሉ" ብላ የምትኖርን ልጅ ግን በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ሁለት ሳምንት መዝጋት፣ እሱን ሕመም ለማከም የተቀመጠ ቢሮ ሲያደርገው ይከብዳል። ያቺ ሁለት ሳምንት ክፉ ነበረች። እህቴ ስትመለስ ተናግራዋለች፣ በተማረችው መንገድ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሰማት፣ ወደፊት ምን እንደምትፈልግ በቅደም ተከተል። አማካሪዋ ሰበብ ሳታበዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። አሁን ከአንድ ወር በፊት ቀድመው ነው የሚናገሩት።

ሌላው፣ ቢሮው የድንገተኛ ቦታ አይደለም። ሌሊት አይከፈትም፣ ስልክም አይነሳም። ሰው መሞት እፈልጋለሁ ካለ ማስፈራሪያ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ በዚህ ሕመም አደጋው እውነት ነው፤ ብቻውን አትተዉት፣ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ከአማካሪዋ ጋር ሆነን ማን እንደሚደወልለት፣ ማን ባጃጅ እንደሚጠራ፣ ቤት ውስጥ ምን ነገር ከእጅ እንደሚርቅ ጽፈን ቁም ሳጥኑ ውስጠኛ በር ላይ ለጥፈነዋል። አንዴ ተጠቅመንበታል።

ዋጋ። ለብቻ 700 ብር፣ ቡድን 300፣ የቤተሰብ ቀጠሮ 900። ለእኛ በወር ሲደመር 4,300 ብር ነው። ብዙ ነው። የእኔ ደመወዝና እናታችን ከምትሸጠው እንጀራ የሚወጣ ነው፣ ሁለት ወር አቅቶን ሲቀር ቡድኑን ብቻ እንድትከታተል ፈቅደውላታል። ደረሰኝ ይሰጣሉ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለፋሲካውና ለአግዳሚው ነው።

እህቴ ዳነች ወይ? ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ሜሪ ዛናሪኒ የምትባል ተመራማሪ አሜሪካ ማክሊን ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ 290 ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትላለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ 93ቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ምልክቶቹ ለቀዋቸዋል፤ ሥራንና ግንኙነትን ጨምሮ ሙሉ ኑሮ ላይ የደረሱት ግን ግማሽ ያህሉ ናቸው። አማካሪዋ ሁለቱንም ቁጥር ነው የነገረችን፣ ደስ የሚለውን ብቻ መርጣ አይደለም። እህቴ ስምንት ወር ነው የሆናት። አሁንም ትናደዳለች፣ አሁንም አንዳንድ ማታ ብሎክ እሆናለሁ፣ ጠዋት ግን ብሎኩ ተነስቶ አገኘዋለሁ። ከኅዳር ወዲህ ራሷን አልጎዳችም። እሱን እንድጽፍ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የትም ይሁን የት፣ የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ቶሎ ይያዛል፣ ሰኞ ደውሉ። ከተቻለ ቤት ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እህቴ ደግሞ ይሄን ጨምሪ ብላኛለች፦ የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ደርሰው ቢመለሱም ቀጠሮው አይሰረዝም። እሷ ሁለቴ ተመልሳለች።